የማይድነው ምልክት፦ የወንድ ብልት ቅድመ ካንሰር ለውጦች የምርመራና የሕክምና ታሪክ፣ ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባለሙያዎች ያለው ትምህርት

መግቢያ

ከሞጆ ተነሥቶ በመቂ፣ በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርጎ ወደ ሻሸመኔ የሚወርደው አውራ ጎዳና የስምጥ ሸለቆን ከተሞች እርስ በርስ ያገናኛል። በእነዚህ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች የሚያገለግል ጤና መኮንን ወይም ነርስ በሥራ ዘመኑ እጅግ ብዙ የአባላዘር በሽታ ሕሙማንን ይመረምራል። የወንድ ብልት ካንሰርን ግን ምናልባት አንድም ጊዜ ሳያይ ጡረታ ሊወጣ ይችላል። በአገራችን ከ10 ወንዶች ከ9 የማያንሱት የተገረዙ በመሆናቸው በሽታው ብዙም አይታይምና።

ይሁን እንጂ የበሽታው ብርቅ መሆን ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ባለሙያው ያላየውን አይጠረጥርም፤ ያልጠረጠረውንም አይመረምርም። በብልት ላይ የወጣ የማይድን ምልክት በመጀመሪያ እንደ ቂጥኝ፣ ቀጥሎ እንደ ፈንገስ፣ ከዚያም እንደ አለርጂ እየታከመ ወራትና ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ይህ ችግር የአዳሚ ቱሉ ወይም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሽታውን መጀመሪያ የገለጹት የአውሮፓ ሐኪሞች ራሳቸው ከዚሁ ችግር ጋር ታግለዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያንን ታሪክ መዳሰስና ዛሬ በጤና ጣቢያ ለሚሠራው ባለሙያ የሚሰጠውን ትምህርት ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ቅድመ ካንሰር ለውጥ ስንል የቆዳው ወይም የልባሱ ህዋሳት የካንሰርን ጠባይ ይዘው፣ ነገር ግን ከሥራቸው ያለውን ድንበር ጥሰው ወደ ውስጥ ያልዘለቁበትን ደረጃ ማለታችን ነው። በዚህ ደረጃ የተገኘ በሽታ ብልትን ሳያጎድል ሊታከም ይችላል። ድንበሩን ከጣሰ በኋላ ግን ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ይዛመታል፤ ሕክምናውም ብልትን በከፊል ወይም በሙሉ እስከ መቁረጥ ሊደርስ ይችላል። በጊዜ መመርመርና አለመመርመር ያላቸው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

የቂጥኝ ሐኪሞች ያዩት ምልክት

እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጄምስ ፓጄት በ1874 ስሙን ያስጠራለትን የጡት ጫፍ በሽታ ሲገልጽ፣ በዚያው ጽሑፍ ስለ ወንድ ብልትም አንድ ነገር ጠቁሞ ነበር። ለረጅም ጊዜ የቆየ ብግነት የሚመስል፣ የብልትን ራስ የላጠ ምልክት ከአንድ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ካንሰር ሲከተለው ማየቱን ገልጿል። በወቅቱ ይህን ጥቆማ አስተውሎ የተከተለው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ታዛቢዎች በአብዛኛው የአባላዘር በሽታ ሐኪሞች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ሩሲያዊው ታርኖቭስኪ በ1891፣ በፓሪስ ደግሞ ፉርኒየና ዳርየ በ1893 በብልት ራስ ላይ የሚወጣ፣ ቀይና ለስላሳ፣ ጠርዙ የተለየ ምልክት ገለጹ። ፉርኒየ በዘመኑ ከነበሩት የቂጥኝ ሊቃውንት ግንባር ቀደሙ ነበር። እርሱና ዳርየ ለምልክቱ የሰጡት ስያሜም «ቂጥኝ መሰል» የሚል ቃል የያዘ ነበር። በሽታው ካንሰርነት እንዳለው ቢረዱም፣ በስሙ ውስጥ የቂጥኝ ጥላ ቀርቷል።

በ1911 ፈረንሳዊው ሉዊ ኬይራ ምልክቱን ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ለየው፤ ከቅላቱ በመነሣትም «ኤሪትሮፕላዚያ» ብሎ ሰየመው። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊው ጆን ቦወን በሌላ የአካል ክፍል ቆዳ ላይ ያገኛቸውን ሁለት ተመሳሳይ ሕሙማን በመግለጽ ለካንሰር ቅድመ ምልክት የሆኑ የቆዳ በሽታዎች መኖራቸውን አስረዳ። ዛሬ በብልት ራስና በሸለፈት ውስጠኛ ገጽ ላይ የሚታየው የኬይራ ኤሪትሮፕላዚያ፣ በብልት ዘንግ ቆዳ ላይ የሚታየው ደግሞ የቦወን በሽታ ይባል እንጂ፣ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ሁለቱም የአንድ ዓይነት ለውጥ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ኬይራ የተሳካለት በ1911 መሆኑ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም። የቂጥኝ ተሕዋሲ በ1905 ታወቀ፤ የዋሰርማን የደም ምርመራ በ1906 ተገኘ፤ ሳልቫርሳን የተባለው መድኃኒት በ1910 ለገበያ ቀረበ። ቂጥኝን በምርመራ ማረጋገጥና በመድኃኒት ማዳን ሲቻል፣ ቂጥኝ ያልሆነው ነገር በራሱ ጊዜ ጎልቶ መታየት ጀመረ። አንድ በሽታ በትክክል ሲለይ በእርሱ ስም ተሸፍኖ የኖረው ሌላው ይገለጣል።

በአገራችን፦ ከወሸባ እስከ ማይክሮስኮፕ

ቂጥኝ በኢትዮጵያም ለረጅም ዘመን የታወቀና የተፈራ በሽታ ነበር። ባህላዊው ሕክምና ወሸባ ነው። ሕመምተኛው ከሰው ተለይቶ፣ ቤት ተዘግቶበት፣ ምግቡ ተመጥኖ፣ የወሸባን መድኃኒት እየጠጣ ለተወሰነ ጊዜ ይቆይ ነበር። ቃሉ በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ በተከሠተ ጊዜ ከሰው ተለይቶ የመቆየት መጠሪያ ሆኖ ተመልሷል። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነጥብ ነው። በወሸባ ሥርዓት የበሽታው ምርመራ ራሱ ሕክምናው ነበር፦ ወሸባ ገብቶ የዳነ ቂጥኝ ነበረበት ይባላል፤ ያልዳነው ደግሞ ዳግመኛ ወሸባ ይገባል። «ያልዳነው ሌላ በሽታ ስለሆነ ይሆን?» ብሎ ለመጠየቅ የሚያስችል መሣሪያ አልነበረም።

መሣሪያው የሥጋ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። በአገራችን የሕክምና ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1964 ተከፍቶ ሐኪሞችን ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ የፓቶሎጂ አገልግሎት ቀስ በቀስ እየሰፋ መጥቷል። በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ተቋቋመ። የመዝገቡ ሪፖርቶች በወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት ካንሰሮች ተርታ የአንጀትን፣ የደምንና የፕሮስቴትን ካንሰር ሲያሰፍሩ፣ የብልት ካንሰር ከዋነኞቹ መካከል አይገኝም። ይህ መልካም ዜና ነው። ነገር ግን መዝገብ የሚቆጥረው የተመረመረውን ብቻ ነው፤ ናሙናው ያልተወሰደለት ሰው በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም።

ግርዘት ምን ያህል ይከላከላል?

የግርዘት ልማድ በአገራችን ከየትኛውም የሕክምና ምክር እጅግ የቀደመ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ ግርዘት የአገር ልማድ እንጂ የድኅነት ሥርዓት አለመሆኑን አስረድተዋል። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ ወንድ ልጅ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል፤ በሙስሊም ቤተሰቦች በልጅነት ይፈጸማል። በአንዳንድ የኦሮሞ አካባቢዎች ደግሞ ግርዘት ከገዳ እርከኖች ጋር የተያያዘ ስለነበር ለዐዋቂነት ዕድሜ ይቆይ ነበር። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ክርስቲያኖች፣ በዙሪያው ያሉት የአርሲ ኦሮሞዎችና ለእርሻ ሥራ ከደቡብ የሚመጡ ሠራተኞች በአንድ ጤና ጣቢያ ሲገናኙ፣ «ተገርዘዋል?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «በስንት ዓመትዎ?» የሚል ጥያቄ መከተል ያለበትም ስለዚህ ነው።

ግርዘት ከብልት ካንሰር ጋር ያለው ግንኙነት በሕክምና መጽሔቶች ሰፊ ትኩረት ያገኘው አሜሪካዊው ሐኪም አብርሃም ዎልባርስት በ1932 ላንሴት ላይ ባወጣው ጽሑፍ ነው። በአፍሪካ ጉዳዩን ጎልቶ ያሳየችው ኡጋንዳ ናት። ኡጋንዳዊው የቀዶ ሐኪም ሰባስቲያን ክያልዋዚ በ1966 በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የታከሙ 153 የብልት ካንሰር ሕሙማንን የያዘ ጥናት አሳተመ። በኡጋንዳ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም የበሽታው ሥርጭት ከሕዝብ ሕዝብ እንደሚለያይና የግርዘት ልማድም ለልዩነቱ አንድ ምክንያት እንደሆነ አመልክተዋል።

ዕድሜውስ? በ1993 በአሜሪካ የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በተወለዱበት ሰሞን ከተገረዙት ጋር ሲነጻጸሩ ጨርሶ ያልተገረዙት 3.2 እጥፍ፣ ዘግይተው የተገረዙትም 3.0 እጥፍ ለበሽታው የተጋለጡ ነበሩ። ዘግይተው ከተገረዙት አንዳንዶቹ ቀድሞውንም በሸለፈት ሕመም ምክንያት የተገረዙ ሊሆኑ ስለሚችሉ ቁጥሩ በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። ያም ሆኖ ግርዘት ጥቅሙን በይበልጥ የሚሰጠው በልጅነት ሲፈጸም መሆኑን ይጠቁማል።

ለርእሰ ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው በ2000 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት ነው። የግርዘታቸው ሁኔታ ከታወቀው 89 የዘለቀ ካንሰር ሕሙማን መካከል በሕፃንነታቸው የተገረዙት 2 ብቻ ነበሩ። ገና ካልዘለቀው ካንሰር ሕሙማን መካከል ግን 16ቱ በሕፃንነታቸው የተገረዙ ነበሩ። ከዚህ የምንረዳው ግርዘት ከዘለቀው ካንሰር አጥብቆ ሲከላከል፣ ከቅድመ ካንሰር ለውጥ ግን የሚከላከለው ባነሰ መጠን መሆኑን ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው በልጅነቱ የተገረዘ መሆኑ ጥርጣሬን ይቀንሳል እንጂ አያስወግድም።

ቫይረሱና ሁለቱ መንገዶች

በ1970ዎቹ ማብቂያ ላይ የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች በወጣቶች ብልት ላይ የሚወጡ፣ ቡናማና ትናንሽ፣ ኪንታሮት የሚመስሉ እብጠቶችን ገለጹ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከቦወን በሽታ አይለዩም፤ ጠባያቸው ግን የዋህ ነው። ስማቸውም ቦወኖይድ ፓፑሎሲስ ተባለ። በ1983 የሃራልድ ሱር ሃውሰን ቡድን ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ 16ን ከማኅጸን በር ካንሰር ለየ። በዚያው ዓመት የዚሁ ቫይረስ ዘረመል በብልት የቦወን በሽታና በቦወኖይድ ፓፑሎሲስ ውስጥ መገኘቱ ተዘገበ። ሱር ሃውሰን ለዚህ ሥራው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

በሽታው ሁሉ ግን ከቫይረሱ የሚመጣ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ሊክን ስክሌሮሰስ የሚባለው ሥር የሰደደ ብግነት ነው። የብልትን ራስና ሸለፈትን ነጭ ጠባሳ ያስመስላል፤ ሸለፈቱን ያጠብባል፤ የሽንትንም ቀዳዳ ሊያጠብ ይችላል። በዚህ መንገድ የሚመጣው ለውጥ በዓይን ሲታይ ቀላል መስሎ ወደ ዘለቀ ካንሰር የሚያመራ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምደባ የቀድሞዎቹን በርካታ ስሞች በአንድ ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ለውጦቹን ከቫይረሱ ጋር የተያያዙና ያልተያያዙ ብሎ በሁለት ከፍሏቸዋል።

የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ በደሙ ያለበት ሰው ለመጀመሪያው መንገድ ይበልጥ ይጋለጣል። በ2005 የፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በርካታ ሕሙማን ረጅም ዕድሜ እየኖሩ ነው። ረጅም ዕድሜ ደግሞ ለቅድመ ካንሰር ለውጦች ጊዜ ይሰጣል። በመሆኑም የኤች.አይ.ቪ ክትትል ክፍል የዚህ በሽታ ጥርጣሬ መነሻ ሊሆን የሚገባው ቦታ ነው።

በሕክምና መመሪያው ያልታየው ሕመምተኛ

ላቦራቶሪ በሌለበት ሥፍራ የአባላዘር በሽታን በምልክቱ ማከም ከዓለም የጤና ድርጅት የመነጨና በአገራችንም ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተስፋፋ አሠራር ነው። የብልት ፈሳሽ፣ የብልት ቁስል፣ የብሽሽት እብጠት፣ የቆለጥ እብጠት እየተባለ ለእያንዳንዱ ምልክት የተወሰነ መድኃኒት ይታዘዛል። አሠራሩ እጅግ ብዙ ሕዝብ ጠቅሟል፤ ከባድ መኪና በሚያድርባቸውና የእርሻ ሠራተኞች በሚሰበሰቡባቸው የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ጠቀሜታው የላቀ ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ አሠራር ውስጥ የወሸባው ሎጂክ በከፊል ተመልሶ ይገኛል፤ ምርመራው ሕክምናው ነው። ቁስል ያለበት ሰው ቤንዛቲን ፔኒሲሊንና ተጓዳኝ መድኃኒቶችን ይወስዳል፤ ካልዳነ ይደገምለታል ወይም ወደ ሌላ መድኃኒት ይዛወራል። ቁስል ሳይሆን የማያም፣ ለስላሳ፣ የተላጠ የሚመስል ሽፍታ ያለበት ሰው ደግሞ በየትኛውም የምልክት መስመር ላይ በቅጡ አይገባም። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው። ስቴሮይድ፣ ፀረ ፈንገስና ፀረ ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ቅባት ገዝቶ ይቀባል፤ ስቴሮይዱ ቅላቱን ለጊዜው ስለሚያደበዝዘው የዳነ ይመስለዋል። ሲመለስበት ያፍራል። ያገባ ከሆነ «ከየት አመጣኸው?» መባልን ይፈራል፤ አዛውንት ከሆነ በልጁ ዕድሜ ለምትገኝ ነርስ ልብሱን መግለጥ ያሳፍረዋል። ባለሙያውም ከኀፍረቱ ጋር ተባብሮ ሳያይ መድኃኒት ቢያዝ፣ ሁለቱ በአንድነት በሽታውን ይሸፍኑታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የምርመራ መሣሪያ አክብሮት ነው። «አባቴ፣ ይህ በሽታ የግድ ከሴት የሚመጣ አይደለም፤ ማየት ግን አለብኝ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል።

ዛሬ እንዴት ይመረመራል?

መጻሕፍት ምልክቱን «ደማቅ ቀይ፣ የሐር ልስላሴ ያለው» ይሉታል። ይህ አገላለጽ ከአውሮፓውያን ቆዳ የተወሰደ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ለውጡ ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ከአካባቢው የጠቆረ፣ አንዳንዴም የነጣ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ መቆየቱን፣ የጠርዙን መለየትና የገጹን ለውጥ ማስተዋል ይሻላል።

ከዚህ ለውጥ ጋር የሚመሳሰሉት ብዙ ናቸው፦ የካንዲዳ ፈንገስ፣ በተለይም ስኳር ባለባቸው ሰዎች፤ ሶሪያሲስ፤ ሊክን ፕላነስ፤ የሆላንዱ ዙን በ1952 የገለጸው የብልት ራስ ብግነት፤ ቂጥኝ። በአገራችን በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ከሰልፋ መድኃኒቶች የሚመጣ ቋሚ የመድኃኒት ሽፍታ ነው። ኮትራይሞክሳዞል በሚወስዱ የኤች.አይ.ቪ ሕሙማን ላይ መድኃኒቱ በተወሰደ ቁጥር በዚያው ቦታ ተመልሶ ይወጣል፤ ጥቁር አሻራም ይተዋል።

በዓይን ብቻ ሁሉንም መለየት አይቻልም። ስለዚህ ተገቢ ሕክምና ተሰጥቶት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያልዳነ፣ ወይም እየዳነ የሚመለስ የብልት ምልክት ሁሉ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል። የጠጠረ፣ የሚደማ፣ ወይም ጠባብ በሆነ ሸለፈት ሥር የሚሸት ፈሳሽ ያለው ከሆነ ይህን ያህል ጊዜ እንኳ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይላክ። የብሽሽት ንፍፊቶችም ሁልጊዜ ይዳሰሱ።

ናሙናው አድሬናሊን በሌለው ሊዶኬይን አደንዝዞ በአራት ሚሊ ሜትር መብሻ ወይም በትንሽ ቀዶ ይወሰዳል። ለውጡ ሰፊ ከሆነ ከአንድ በላይ ቦታ መውሰድ ይበጃል፤ አንዱ ጥግ ድንበሩን የጣሰ ሊሆን ይችላልና። ናሙናው መጠኑን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይቀመጣል። በመጠየቂያው ላይ ዕድሜው፣ ቦታው፣ የቆየበት ጊዜ፣ የግርዘትና የኤች.አይ.ቪ ሁኔታ፣ የተሞከሩት ሕክምናዎች መጻፍ አለባቸው። «የብልት ቁስል» የሚል ቃል ብቻ ይዞ የሚሄድ መጠየቂያ የፓቶሎጂ ሐኪሙን ሥራ ያከብዳል።

ለማኅጸን በር ምርመራ በየጤና ጣቢያው የሚያገለግለው አሴቲክ አሲድ በወንድ ብልት ላይ ለመደበኛ ምርመራ አይመከርም። ተራ ብግነትንም ስለሚያነጣው ብዙዎችን ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ጥቅሙ ለውጡ የታወቀ ከሆነ በኋላ ድንበሩን ለማየት ነው።

ሕክምናው፦ ከመቁረጥ ወደ መጠበቅ

የሕክምናው ታሪክ ብልትን ከመቁረጥ ወደ መጠበቅ የተደረገ ጉዞ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢላዋ፣ ቀጥሎ ራዲየምና ጨረር ዋና መሣሪያዎች ነበሩ። በ1957 ሃይደልበርገርና ባልደረቦቹ ፍሎሮዩራሲልን አስተዋወቁ፤ በ1969 ይኸው መድኃኒት በቅባት መልክ የኬይራን ኤሪትሮፕላዚያ ሲያክም መታየቱ ታተመ። በ1973 ደግሞ ግራሃምና ሄልዊግ 100 ሕሙማንን መርምረው በ10 በመቶ ያህሉ በሽታው ወደ ውስጥ መዝለቁን አሳዩ። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ላይ ሲነበቡ የዛሬውን መርሕ ይሰጣሉ፦ ቅባት ይሠራል፤ ነገር ግን አለመዝለቁ በናሙና ሳይረጋገጥ ቅባት መጀመር አደገኛ ነው።

በአሁኑ ጊዜ ሸለፈት ላለው ሰው የመጀመሪያው እርምጃ ግርዘት ነው። ለውጡ በሸለፈቱ ላይ ብቻ ከሆነ ግርዘቱ ራሱ ሕክምና ይሆናል፤ ካልሆነም የቀረውን ለመከታተል ያመቻል። በብልት ራስ ላይ ላለው ለውጥ 5 በመቶ የፍሎሮዩራሲል ቅባት ለተወሰኑ ሳምንታት ይሰጣል፤ ኢሚኪሞድ ሁለተኛ አማራጭ ነው። ሕመምተኛው ቅባቱ ቆዳውን እንደሚያቃጥልና እንደሚልጥ አስቀድሞ ካልተነገረው ሕክምናውን ያቋርጣል። በ2012 በእንግሊዝ በታተመ የ44 ሕሙማን ጥናት ቅባቱ በ57 በመቶው ላይ ሙሉ ውጤት አስገኝቷል። ቀሪዎቹ ሌላ ሕክምና የሚሹ በመሆናቸው ከቅባቱ በኋላ ዳግመኛ ማየትና ሲያስፈልግም ናሙና መውሰድ የግድ ነው። ቅባቱ ላልሠራላቸው ሌዘር፣ ለውጡን ቆርጦ ማውጣት ወይም የብልትን ራስ ልባስ ገፎ በሌላ ቆዳ መሸፈን ይቻላል። ከዚያ በኋላም ለዓመታት የሚዘልቅ ክትትል ያሻዋል፤ ትምባሆ የሚያጨስ ከሆነ ማቆም አለበት።

የትዳር ጓደኛም አትዘንጋ። ለውጡ ከቫይረሱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ባለቤቱ የማኅጸን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ማድረግ ይገባታል። ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የቫይረሱ ክትባትም ለሴቶች ልጆች የታሰበ ቢሆንም፣ ቫይረሱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ በመሆኑ ለወንዶችም በተዘዋዋሪ ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የወንድ ብልት ቅድመ ካንሰር ለውጥ ታሪክ በሌላ በሽታ ስም ተሸፍኖ የኖረ በሽታ ታሪክ ነው። በፓሪስ የተገለጠው የቂጥኝ ሐኪሞች «ይህ በመድኃኒታችን አልዳነምና ሌላ ነገር ነው» ለማለት በደፈሩበት ጊዜ ነበር። በአዳሚ ቱሉ፣ በባቱ ወይም በአዳማ የሚሠራ ባለሙያም ከዚህ የተለየ ጥበብ አይጠበቅበትም። ውድ መሣሪያም አያሻውም። ልብስ አስገልጦ ማየት፣ የተሰጠውን ሕክምናና ቀኑን በካርዱ ላይ መጻፍ፣ በቀጠሮው ቀን ዳግመኛ ማየት፣ ካልዳነም ሦስተኛ መድኃኒት በማዘዝ ፈንታ ናሙና መውሰድ ወይም ናሙና ወደሚወሰድበት መላክ በቂ ነው። በልጅነቱ መገረዙ ብዙውን ወንድ ጠብቆታል። ግርዘት ያልጠበቃቸውን ጥቂቶች የመጠበቁ ኃላፊነት የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው።